የልደት በዓል በክርስቲያን ቤት፤ ከአገው ምድርና ከዳንግላ ታሪክ ጋራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት ሲጽፍ አስቀድሞ የአውግስጦስ ቄሣርን ትእዛዝ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ቄሣሩ ምንም ሳይጨምር ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ማደሪያ ያጣችውን ድንግልን፥ ጠባቂዋን ዮሴፍን፥ ሕፃኑም በጨርቅ ተጠቅልሎ የተኛበትን ግርግም ይነግረናል። ቄሣርን አንሥቶ ስለ ምን ተወው ቢሉ፤ ዓለም ሁሉ በቄሣር ቃል ቢንቀሳቀስም ልደቱ የሆነው በቄሣር አደባባይ አይደለም፤ በጥቂት ሰዎች ጉባኤ መካከል ነውና። አንድም፤ የነገሥታት ዐዋጅ በዘመኑ ያልፋል፤ በቤት የተጠበቀ ሃይማኖት ግን ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል ሲል ነው።

ይህንንም ነገር የኢትዮጵያ ታሪክ ይመሰክረዋል፤ ይልቁንም በጎጃም በስተ ምዕራብ ያለው የአገው ምድር ይመሰክረዋል። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ዳንግላ ብዙ ነገር ያለፈባት አገር ናት። ነገሥታት በአካባቢዋ ዘምተዋል፤ የባዕድ መንግሥት ቆንስል ተቀምጦባታል፤ የጠላት ምሽግ ተሠርቶባታል። እነዚያ ሁሉ ሄዱ። በልደት ሌሊት ጧፍ ይዘው፥ ሕፃን ታቅፈው፥ በብርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱ ባልና ሚስት ግን ዛሬም በዚያ አሉ። የሄደው ስለ ምን ሄደ፥ የቀረውስ በምን ጸና ቢሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ያስረዳል። አዲስ ጎጆ የወጡ ክርስቲያኖችም በዓሉን እንዴት ሊይዙት እንደሚገባ ከዚሁ ይገኛል።

ስለ ቤተ ልሔም ቤት

አባቶች እንደ ነገሩን እመቤታችን በወላጆችዋ ቤት 3 ዓመት፥ በቤተ መቅደስ 12 ዓመት ኖረች፤ መልአኩም ሲያበሥራት የ15 ዓመት ብላቴና ነበረች። ዮሴፍ አረጋዊ ነው፤ ለጠባቂነት ተመርጦ የተሰጣት ነው እንጂ እንደ ዓለም ሥርዓት ባል አይደለም፤ እርስዋ ከመውለድ በፊት፥ በወለደች ጊዜ፥ ከወለደችም በኋላ ድንግል ናትና። ሰሎሜም በመንገድ አብራቸው እንደ ነበረች በትውፊት ይነገራል። እነዚህ ሦስቱ በፍቅር አንድ ቤተ ሰብ ነበሩ፤ የሚያድሩበት ቤት ግን አልነበራቸውም።

ቤት ሳይኖራቸው ቤተ ሰብ እንዴት ተባሉ ቢሉ፤ ቤት የሚባለው ግድግዳው አይደለም፤ እግዚአብሔርን መካከል አድርጎ የተሰበሰበው ሰው ነው። ስለዚህ ጎጆው ጠባብ የሆነበት፥ ጎተራው ያልሞላለት፥ በሰው አገር በኪራይ የተቀመጠ ወጣት ክርስቲያን በልደት ቀን የሚያፍርበት ምክንያት የለውም። በመጀመሪያው ልደት ድንኳንም ምንጣፍም አልነበረም። ከሰው ወገን በመጀመሪያ መጥተው የሰገዱት በሌሊት መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ናቸው፤ መሳፍንቱና ካህናቱ በኢየሩሳሌም ተኝተው ነበር። አንድም፤ እረኞች አስቀድመው መጠራታቸው የበዓሉ እንግዳ ማን እንደ ሆነ ሊያስተምር ነው፤ በደጅ በብርድ ያደረው ነው።

ስለ ቀኑ ቍጥርና ስለ ጾሙ

በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ከብሥራቱ ከመጋቢት 29 ጀምሮ ቢቈጠር 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ወሩ 30 ቀን ስለ ሆነ 270፥ የጳጕሜንም 5 ቀን ሲጨመር 275 ቀን ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይጨመራል፤ ስለዚህ በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ ቍጥሩ ከ275 እንዳያልፍ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ሆኗል። ይህ ቍጥር ለባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ብቻ የቀረ እንዳይመስል፤ የመጀመሪያ ፅንስዋን በወርና በቀን የምትቈጥር ወጣት ሚስት ከማንም ይልቅ ታስተውለዋለች። ጌታ ሥጋን ሲዋሐድ የፅንስን ወራት አላሳጠረም፤ እንደ ማንኛውም ሕፃን ዘመኑን ጠብቆ ተወለደ።

ከበዓሉ በፊት ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ጾመ ነቢያት ይጾማል። መግቢያው ኅዳር 15፥ ፍጻሜው ታኅሣሥ 28 ሲሆን 44 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያው ኅዳር 14 ይሆናል። አርባው ነቢያት የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙት ነው። ሦስቱ በ10ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በሊቀ ጳጳሳቱ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን ምእመናን ተራራው እንዲነሣ ሱባኤ የያዙበት ነው። አንዱ ገሃድ ነው።

የዚህ ጾም ወራት በአገው ምድር የሚውለው ቤቱ በሚሞላበት ጊዜ ነው። ጤፉና ዳጉሳው ወደ አውድማ ይወርዳል፤ ኑጉ ይታጨዳል፤ ክረምቱን በሣር የጠገበችው ላም ትታለባለች። ወተትና ቅቤ በቤት ሞልቶ ሳለ መተው፥ ወጡንም በኑግ ዘይት ሠርቶ መብላት፥ ይህ ነው ጾም። ባጣ ጊዜ የማይበላ ሰው ሁሉ ጾመ አይባልም፤ ሳለው የተወ ነው እንጂ። በጥር ተጋብተው በኅዳር የመጀመሪያውን ጾመ ነቢያት በአንድ ማዕድ የሚጾሙ ባልና ሚስት ትዳራቸውን በዚሁ ይመሠርታሉ። ፈቃድን መግታት በጋራ ከተለማመዱት ቍጣን መግታትም ይቻላቸዋልና።

በጾሙ መካከል ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ያሬድ ድርሰት ሦስት እሑዶችን ለይታ ታዘጋጃለች። የመጀመሪያው ስብከት ነው፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ይውላል፤ ነቢያት ስለ መምጣቱ የሰበኩት ይታሰባል። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ከ14 እስከ 20 ይውላል፤ ዓለም በጨለማ ሳለ ብርሃንን መፈለጉ ይነገራል። ሦስተኛው ኖላዊ ነው፤ ከ21 እስከ 27 ይውላል፤ የጠፋውን በግ የሚፈልግ እውነተኛ እረኛ ይነገራል። አስተዋይ አባት በእነዚህ ሦስት እሑዶች ከቅዳሴ ሲመለስ ለልጆቹ በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር ቢነግራቸው፥ በልደት ሌሊት ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው የሚጠብቀውን አውቆ ነው።

ስለ አገው ነገሥታትና ስለ ዘርዐ ያዕቆብ

ወንጌል በአክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን፥ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጳጳስነት ነው። በኋላ መንግሥቱ ወደ ላስታ ሲሻገር የነገሡት የዛጔ ነገሥታት በወገናቸው አገው ነበሩ። ከእነርሱም ቅዱስ ላሊበላ በትውፊት እንደሚነገረው የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን 1101 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬም በላሊበላ የጌታ ልደትና የንጉሡ ልደት በአንድ ቀን ይከበራሉ። ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው ዐለት ዙሪያ ቆመው፥ ከታች ከሚዘምሩት ጋራ እየተቀባበሉ ቤዛ ኵሉን ይዘምራሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፥ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

የጎጃም አገዎች አባቶቻቸው ከላስታ ወገን መጥተው ሰባት ቤት እንደ ሆኑ ይናገራሉ፤ ሰባቱም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኵራ፥ መተከልና ዚገም ናቸው። እንግዲህ በኢትዮጵያ የልደት በዓል እጅግ ደምቆ የሚከበርበት ሥፍራ የአገው ንጉሥ ያሠራው ነውና፥ በዳንግላ አጠገብ ያለ የአገው ገበሬ ልጁን ይዞ ልደትን ሲያከብር የሰው በዓል ተውሶ አይደለም፤ የአባቶቹን በዓል ነው።

ከላሊበላ በኋላ በዓሉን ወደ ሕዝቡ ቤት ለማቅረብ እጅግ የደከመው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ልደት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ታስቦ እንዳይረሳ ወር በገባ በ29 እንዲታሰብ አዘዘ፤ እስከ ዛሬም በዓለ ወልድ ይባላል። ስለዚሁም መጽሐፈ ሚላድ የሚባለውን አስጻፈ፤ ሚላድ ማለት ልደት ማለት ነው። ካህናትም በሰንበታት ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ ሥርዓት ሠራ። ንጉሡ በቅጣቱ ጽኑ እንደ ነበረ ታሪኩ አይሰውርም። ቅጣቱ ከእርሱ ጋራ አለፈ፤ የወሩ 29 ግን በማኅበርና በጸበል በየቤቱ ገብቶ ቀረ። በሰይፍ የተጨመረው ሲወድቅ በማዕድ የተጨመረው ጸና።

ስለ አገው ምድርና ስለ ሱስንዮስ ዘመን

አገው ምድር ወንጌልን በአንድ ቀን አልተቀበለም። በ1610 ዓ.ም. የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህር ጴድሮስ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ፥ በዙሪያው ያሉ አገዎች ለምንጩ በየዓመቱ መሥዋዕት ሲያቀርቡ እንደ ነበር ጽፏል። ከእርሱ በኋላ ከ150 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ፥ በ1763 ዓ.ም. ወደዚያ የደረሰው የስኮትላንድ ሰው ያዕቆብ ብሩስም ለምንጩ የሚደረገውን ክብር አይቷል። ይኸው ሰው አገዎች ማር፥ ቅቤ፥ ሰም፥ ቆዳና ከብት እየያዙ በብዙ መቶ ሆነው ወደ ጎንደር ይወርዱ እንደ ነበር ተናግሯል። ነገሥታቱም ወደዚህ አገር ደጋግመው ዘምተዋል። ዘመቻ ግብርን ያስገባል እንጂ ሃይማኖትን በልብ አያስገባም። ከምንጩ መሥዋዕት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቍርባን ሕዝቡን ያሻገሩት በየመንደሩ ገዳምና ደብር ተክለው አብረውት የኖሩት ካህናት፥ ልጆቻቸውንም በ40 እና በ80 ቀን ወደ ጥምቀት ያመጡት እናቶች ናቸው።

ዐዋጅ በልብ እንደማይገባ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እጅግ ያስረዳል። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ፤ የጎጃም ገዥ የነበረው ወንድሙ ሥዕለ ክርስቶስም ከእርሱ አስቀድሞ ተቀብሎ ነበር። በ1618 ዓ.ም. ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በደንቀዝ ንጉሡንና መኳንንቱን አስምሎ የአገሪቱን ሥርዓት ይለውጥ ጀመር። ጾሙና በዓሉ በሮም ቀመር እንዲሆን ታዘዘ። የሮም ቀመር ደግሞ በ1575 ዓ.ም. በጳጳሱ በጎርጎርዮስ 13ኛ ተለውጦ 10 ቀን ቀድሞ ነበር፤ ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ሆኗል። ታኅሣሥ 29 በአሮጌው በዩልዮስ ቄሣር ቀመር ዲሴምበር 25 ነው፤ በአዲሱ ጃንዋሪ 7 የሆነው ሌሎቹ ቍጥራቸውን ስላዛወሩ ነው እንጂ ኢትዮጵያና ግብፅ ቀኑን ስላዘገዩ አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበረውን የባላገር ቤት ማሰብ ነው። አባት ከአያቱ የተማረው ጾም ሳይፈጸም ሥጋ ብላ ተባለ፤ እናት ልጅዋን በተጠመቀበት ሥርዓት እንዳታሳድግ ተከለከለች። ሕዝቡ አልታገሠም፤ በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ራሱ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ልጁ ፋሲለደስ ያዘ። የንጉሥ ኀይልና የፈረንጅ ጠመንጃ ሳይጎድል ዐዋጁ ስለ ምን ወደቀ ቢሉ፤ በዓሉ አስቀድሞ በየቤቱ ሥር ሰድዶ ስለ ነበር ነው።

ስለ ልደቱ ምሥጢር ስለ ሆነው ክርክር

ከዚያ በኋላ በመንግሥቱ ጉባኤዎች ስለ ልደቱ ምሥጢር ረጅም ክርክር ሆነ። በጎጃም ቅብዐት፥ በሌላም ወገን ሦስት ልደት የሚል ትምህርት ተነሣ። ነገሥታቱም አንዳንዶቹ ለዚህ፥ አንዳንዶቹ ለዚያ ሲያደሉ ገዳማት ተለያዩ። ፍርዱ የቆረጠው በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት በተደረገው ጉባኤ ነው፤ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። ይኸውም ለወልድ ሁለት ልደት እንዳለው ማመን ነው፤ ቀዳማዊው ከአብ ያለ እናት፥ ከዘመን በፊት፤ ደኃራዊው ከድንግል ያለ አባት፥ በዘመን ፍጻሜ።

ይህን ምሥጢር ማስረዳት የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ዋናውን ቃል መያዝ ግን ለሕፃንም ይቻላል። አንድ ልጅ፥ ጌታ ስንት ልደት አለው? ተብሎ ሲጠየቅ፥ ሁለት፤ ያለ እናት ከአብ፥ ያለ አባት ከማርያም ብሎ ቢመልስ፥ ረጅም ዘመን ያከራከረውን ነገር በእሳት ዳር ተቀብሎታል ማለት ነው። በአገው ምድር ደግሞ ይህ ትምህርት በሦስት ቋንቋ ይመላለሳል። ካህኑ በግዕዝ ይዘምረዋል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጕመዋል፤ እናት በአገውኛ ለልጅዋ ትነግረዋለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ትምህርቱ ይጎድላል፤ ይልቁንም የእናቲቱ ቢጎድል የሁለቱ ሥር አይይዝም። ልጁ የሚያለቅሰውም የሚጸልየውም አስቀድሞ በእናቱ ቋንቋ ነውና።

ስለ ዳንግላና ስለ 1933 ዓ.ም. ልደት

ዳንግላ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የታወቀች ሥፍራ ሆነች። የእንግሊዝ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሾመው ቆንስል በዚያ ተቀመጠ። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ቆንስል የነበረው ቺስማን ከዚያው እየተነሣ የጣና ባሕርንና የዓባይን መንገድ መርምሮ መጽሐፍ ጽፏል። ብዙ ሳይቈይ ጠላት አገሪቱን ወረረ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ፤ በዳንግላም የኢጣልያ ጦር ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። የጎጃም አርበኞች ዱር ገቡ፤ በዚህ ወገን ከነበሩት አለቆች አንዱ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ባል ዱር ሆኖ ሚስት ብቻዋን ልጅ የምታሳድግባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። ጾሙን የሚያስታውስ፥ ጧፉን የሚያበራ፥ ስለ ቤተ ልሔም የሚናገር እርስዋ ካልሆነች ሌላ አልነበረም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1933 ዓ.ም. የልደት በዓል ሲውል ጠላት ገና በምሽጉ ነበር። በ13ኛው ቀን፥ ጥር 12፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወሰን ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በየካቲት የጠላት ጦር ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ፤ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የሄሮድስ ሰይፍ በቤተ ልሔም ሕፃናት ላይ ተመዝዞ ሳለ ጌታ በእናቱ ዕቅፍ ወደ ግብፅ ተሻግሮ እንደ ተጠበቀ፥ በዚያ የጭንቅ ዘመንም ሃይማኖት በእናቶች ዕቅፍ ተሻገረ። የአርበኛውን ጀግንነት ታሪክ ይጽፈዋል፤ የእናቲቱን ጧፍ ግን የጻፈው የለም፤ የልጆችዋ እምነት ካልሆነ በቀር።

በዓሉን በቤት ስለ መያዝ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ግልጥ ነው። በዓሉ በቤት ከጸና ዐዋጅም ወረራም አያጠፋውም፤ በቤት ከላላ ግን ከደጅ የሚመጣ ጠላት ሳያስፈልግ ራሱ ይጠፋል። አዲስ ጎጆ የወጡ ክርስቲያኖች ስለዚህ አምስት ነገር ይያዙ።

መጀመሪያ፤ ጾሙን አብረው ይጹሙ። ባል ሲጾም ሚስት ብትገድፍ፥ ወይም ሚስት ስትጾም ባል በደጅ ቢበላ፥ ማዕዱ አንድ ቢሆንም ቤቱ ሁለት ነው።

ሁለተኛ፤ ከበዓሉ በፊት ይታረቁ። መላእክት ለእረኞች ያበሠሩት ሰላምን ነው። ከአማት፥ ከወንድም፥ ከጎረቤት ጋራ ያለውን ቂም ይዞ ልደትን ማክበር የቤተ ልሔምን እንግዳ ሁለተኛ ደጅ መመለስ ነው። ባልና ሚስትም በመካከላቸው ያለውን በንስሓ አባታቸው ፊት ይጨርሱ፤ ቢችሉም በዚያች ሌሊት ከነሕፃናቸው ይቍረቡ። ሕፃኑ ምሥጢሩን ባይረዳም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላል፤ ካደገ በኋላ የሚረዳው አስቀድሞ የተቀበለውን ነው።

ሦስተኛ፤ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ይፈጽሙ። በብርድ ሌሊት ከመኝታ መነሣት ለወጣት እናት ከባድ ነው፤ ባል ሕፃኑን ታቅፎ ሊያግዛት ይገባል። ዮሴፍ እንኳ በእርጅናው ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም በመንገድ አገልግሏልና።

አራተኛ፤ ማዕዱን ለድኻ ይክፈቱ። ጠላው ከመጠመቁ፥ ዶሮው ከመታረዱ አስቀድሞ በዚያ ቀን የሚመጣው እንግዳ ማን እንደ ሆነ ይወሰን። ዘመድና ባለጸጋ ብቻ ቢጠሩ ብድር ነው፤ አረጋዊት መበለትና የቆሎ ተማሪ ቢጠሩ ግን በዓል ነው። ስካር ደግሞ በዚያ ቀን አይጠጋ፤ ሌሊቱን በማኅሌት አድሮ ቀኑን በስካር መዋል የዘሩትን መንቀል ነው።

አምስተኛ፤ ለልጆች ይንገሩ። ከሰዓት በኋላ ልጆች በመስክ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፥ እረኞች በልደቱ ደስታ በበትራቸው መጫወታቸውን አባቶች እንደ ተናገሩ ያስረዷቸው። ገና የሚለው ስም ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ልደት ማለት ነው። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ፥ ባላባትና ድኻ እኩል ገብተው ይመታሉ፤ በዚያ ቀን ሎሌው ቢመታው ጌታ አይቈጣም። ምሥጢሩም ትልቁ ትንሽ ሆኖ ተወልዷልና ትልቅነት በዚያ ቀን ይቀመጣል ማለት ነው። መኳንንት ይህን ቢያስተውሉ ለጨዋታው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ለፍርዱም ሰዓት ይጠቅማቸዋል።

በአሁኑ ዘመን በከተማ ቤቶች ውስጥ ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ገብቷል፤ ዛፍ በመብራትና በጥጥ አስጊጦ ማቆም ነው። ዛፍ ማቆም በራሱ ኀጢአት ነው አይባልም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ነውና። ነገር ግን ልጅ ስለ ዛፉ ተጠይቆ ሁሉን ሲያውቅ ስለ ግርግሙ ተጠይቆ ዝም ካለ፥ ያ ቤት ጌጡን ገዝቶ ዕንቁውን ጥሎታል። መብራት የሚገባው ለዛፉ ሳይሆን ጧፍ ይዞ ለሚቆመው ሕፃን ነው።

ይህ በዓል ደግሞ ብቻውን የሚቆም አይደለም። ከልደት በ12ኛው ቀን፥ ጥር 11፥ ጥምቀት ይከተላል፤ ጥር 23 ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲውል የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው የዓድዋን ድል ያስባሉ። በፈረስ ላይ አምሮ የሚታየው ጎልማሳ አስቀድሞ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በታኅሣሥ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሕፃን ነበር። ሰው በአደባባይ የሚሆነውን በቤት ይማራል።

እመቤታችን የሰማችውን ሁሉ በልብዋ ትጠብቅ እንደ ነበር ወንጌላዊው መስክሯል። ስለ ምን ይህን ጻፈ ቢሉ፤ እረኞቹ ተመልሰው ሄዱ፥ ሰብአ ሰገልም በሌላ መንገድ ሄዱ፥ ቄሣርና ሄሮድስም ሞቱ፤ ነገሩ ሁሉ ለሚመጣው ትውልድ የተጠበቀው ግን በአንዲት እናት ልብ ነውና። አንድም፤ የክርስቲያን ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ልብ ይሁን ሲል ነው።

ለዚህ ላደረሰን ለአምላካችን፥ ለወለደችው ለድንግል፥ ለክቡር መስቀሉም ክብር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።